ለግል መጠቀሚያ

ሐኪሞቹ እማዬን “ጉሮሮሽ ኦፕራሲዮን ሲሆን ድምፅሽ አብሮ ይሄዳል” ሲሏት፣ ወንድሜ ዮፍታሔ ቀድሞ ድምፅዋን ቀዳ። “በሩን ዝጉት”፣ “ደህና አደራችሁ?”፣ ትንሽም ስድብ። ያለ ስድብማ እናቴ የሻረግ፣ የሻረግ አትሆንም።

ከዚያ መናገር ለማይችሉ ሰዎች የተሠራ የውጭ አገር አፕ ገዛላት። ሥዕሉን ስትነካው ስልኩ ይናገራል፤ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ። ዮፍታሔ ፕሮግራሙን ፈታትቶ የእማዬን ድምፅ ከተተበት። እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኛ በታች የሚኖረው ጠበቃ ፍሰሐ ይህን ሰምቶ፣ “ለራሳችሁ መጠቀሚያ ካሻሻላችሁት የምንከራከርበት መንገድ አናጣም። ለሌላ ካባዛችሁት ግን የቅጂ መብት ጥሰት ነው፤ እኔም አላድናችሁም” አለ።

ለራሳችሁ! ከሰው ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የማያውቅ ነው የሚመስለው። የጎረቤታችን የዙሃራ ባል ጋሼ ዓብዱልሰላም በደም ግፊት አንደበታቸው ሲታሰር፣ ዙሃራ መጥታ ለመነች። ዮፍታሔ አመነታ፤ እማዬ አፈጠጠችበት። ጫነላት። ጋሼ በእማዬ ድምፅ ሚስታቸውን ሲሰድቡ ብሎኩ ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

የዙሃራ እህት ነጅማ ደግሞ ከጋሼ ስልክ ቀድታ ለዘመድ ሰጠች፣ ዘመድ ለዘመድ፣ በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ ወጣ። የአፑ ባለቤቶች ደረሱበትና የዮፍታሔን አካውንት፣ ኢንተርኔት በሚገባበት ስልክ ላይ ያለውንም ቅጂ ሁሉ ዘጉት። እዚያ ውስጥ የነበረው የእማዬ ድምፅም አብሮ ጠፋ፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም ነበር። ፍሰሐ አላድናችሁም ያለውን ረስቶ ለአፑ ባለቤቶች ጻፈላቸው፣ ለመናቸው። ቴሌግራም ላይ ከወጣ በኋላ ግን “ለግል መጠቀሚያ ነው” ቢባል ማን ይሰማል?

“ምነው ያኔ እጄን ቄጤማ ባደረገው!” ይላል ዮፍታሔ እስከ ዛሬ። እኔም አንጀቴ ያርራል፤ በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቅም።

የጋሼ ስልክ ኢንተርኔት ስለማይገባበት ተርፏል። ዙሃራ እያለቀሰች ይዛው መጣች።

“እትዬ የሻረግ፣ ይውሰዱት። የእርስዎ ነው።”

“እማዬ፣ ድምፁን ላወጣ ስሞክር የሳቸውም ሊዘጋ ይችላል” አላት ዮፍታሔ።

እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያ ለዙሃራ መለሰችላት።

ትናንት ምሳ ላይ ከግድግዳው ማዶ “የት ጠፋችሁ? ራበኝ እኮ!” የሚል ድምፅ መጣ፤ የእማዬ ድምፅ። ዮፍታሔ የጠቀለለውን ትቶ ተነስቶ ወጣ። እማዬ ሽሮ በሳህን ጨልፋ ለጋሼ ልታደርስ ተነሳች። በራቸው ጋ ስትደርስ ግን አላንኳኳችም፤ ሳህኑን እንደያዘች፣ ድምፅዋ ተናግሮ እስኪጨርስ ቆማ አዳመጠች።