ቀይ ክር ያላት ኩባያ

«አለባት ስልሽ! በዐይኔ በብረቱ አይቻታለሁ፤ አራት ሰዓት ሲሆን ክኒን ትውጣለች» አለች ሻይ ሻጯ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

የትምህርት ቤቱ ነርስ ክፍል ስድስት ውስጥ የተማሪዎች ክበብ አቋቁማ ስለ ኤችአይቪ መከላከል ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ሻይ ሻጯ ሌላ ወሬ የላትም። ለነርሷም መያዣዋ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት ኩባያ ለይታላታለች። ወሬው ክበቡን አራቆተው፤ ከአርባ ተማሪ ሰባት ቀረ። ርዕሰ መምህሩም «ዛሬ አስር ካልሞሉ ይዘጋል» ብለዋል።

«መርማሪዋ» የሚሏት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን አንድ ነገር ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም። በክበቡ ደንብ ሁሉም ወረቀት አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ ጠያቂው እንዳይለይ ጥያቄ የሌለውም ባዶውን ያስገባል። ባለፈው ሳምንት የእሷ ወረቀት «ሲስተር፣ እርስዎ አለብዎት?» ይል ነበር።

ነርሷ ጮክ ብላ አነበበችው። አልተቆጣችም።

«ቢኖርብኝስ? በምን ይተላለፍባችኋል? በጠመኔ?»

«አይ!»

«በሳል?»

«አይ!»

«በኩባያ?»

ሁሉም ወደ ደብተሩ አቀረቀረ። ክሯን የማያውቅ የለም። መርማሪዋ ብቻ «አ... አይተላለፍም» አለች።

«ካመንሽበት ምን ያንተባትብሻል?» አለቻት ነርሷ፣ እየሳቀች።

ያ ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክናት ሰነበተ። ዛሬ በእረፍት ሰዓት ተማሪው ለሻይ ተሰልፎ ሳለ ተራዋ ሲደርስ፣

«እትዬ፣ በዚያችኛዋ ይቅዱልኝ» አለች።

«በየትኛዋ?»

«ክር ባላት።»

«አበድሽ እንዴ? እናትሽ ምን ትለኛለች?»

«ሻይ ጠጣች ይበሏት።»

ሻይ ሻጯ ፊቷን አዙራ ቀዳች። መርማሪዋ ፉት አለች። ደግማ ፉት አለች፤ ከዚያ ጨለጠችውና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ምን ምን ይላል?» አላት አንድ ረጅም ልጅ ከኋላ።

«ስኳር አንሶታል። የቀረውን ክፍል ስድስት ና ጠይቅ።»

ከሰዓት በኋላ ክፍል ስድስት መቀመጫ ጠፍቶ መስኮት ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ።

በማግስቱ ኩባያዎቹ አንድ ላይ ታጥበው ተደፍተዋል፤ የቷ የቷ እንደሆነች ሻይ ሻጯም አትለይም። አንዷን አንስታ ለመርማሪዋ እየቀዳች፣ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች።

«ስሚማ፣ ያ ክኒን ለካ የደም ግፊት ነው!»