አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ

ሰዓት ሠሪ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ስለሠራሁ አንገቴ ቀና ማለት ረስቷል፤ ሰው ሲያናግረኝ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን የእጅ ሰዓቱን ነው። አሁን አሁን ብዙዎቹ ሰዓት ስለማያስሩ የማየው ባዶ እጅ ነው። ደክሞኛል። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ጥፋቴን ስነግራችሁ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ነው።

አርብ አርብ ከሥራ በኋላ፣ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሦስት ሆነን ሸክላ እንሰማለን። አንዷ ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ናት፤ ፋርማሲስቷ እንላታለን። ሌላው ጂኦግራፊ የሚያስተምር፣ ዓለምን በካርታ እንጂ በእግሩ የማያውቅ መምህር ነው። ጃዝ እንወዳለን። ከጃዝም አልፎ፣ ጎረቤት «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መስኮቱን የሚዘጋበትን፣ ቆርቆሮ ሲጎተት የሚመስለውን ሙከራ ሁሉ እንወዳለን። ደንብም አለን። ሸክላ ያመጣ ሰው ሽፋኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ይገባል፤ አንዱ ገጽ እስኪያልቅ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ሲያልቅ ሁላችንም ስለሰማነው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንናገራለን። «ጥሩ ነው» ብቻ ብሎ ያለፈ የሻይ ብርጭቆ ያጥባል። መምህሩ ብዙ ብርጭቆ አጥቧል።

በጨርቅ ተሸፍኖ የማያውቅ አንድ ሸክላ ብቻ አለን፤ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለንና። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ በወጣትነታቸው ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ከሰዓት በኋላ የቀዱት ነው። ሳክስፎን ይጫወቱ ነበር። ሦስት መቶ ቅጂ ታተመ፤ የገዛው ዘመድ አዝማድ ነው። የሙዚቃ ባንዱ ተበተነ፣ ዋናው ቴፕ ውኃ በገባበት መጋዘን በሰበሰ፣ እሳቸውም የአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጡ። ሳክስፎኑን ግን አልተዉትም፤ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጫወቱበት ነበር።

ታዲያ የተረሱ አልበሞችን እየፈለገ እንደገና የሚያሳትም አንድ ትንሽ ድርጅት ከሩቅ አገር ጻፈልን። ንጹሕ ቅጂ ያለው ማነው? እኔ ነኝ። ከሸክላው ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩትም እኔው ነኝ።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የሸክላ ማጫወቻዬ ላስቲክ ያንሸራትት ጀመር። አዲስ ላስቲክ ከማፈላለግ ብዬ ሞተሩ ላይ ሆና ላስቲኩን የምታሽከረክረውን ትንሽ ፑሊ በቀጭን ፕላስተር ጠቀለልኳት። መንሸራተቱ ቆመ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ፑሊ ሲወፍር ሸክላውም አብሮ እንደሚፈጥን ማንም የእጅ ባለሙያ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። በዚያ ሳምንት ግን ደንበኛው ሁሉ ለዛሬ ካላደረስክ እያለ ቁም ስቅሌን ያሳየኝ ነበርና አላሰብኩትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእኔ ግን ሳይፈታ ታተመ።

አዲሱ እትም መጣ። ሽፋኑ ላይ የአጎቴ የወጣትነት ፎቶ፣ ውስጡ በትናንሽ ፊደል «ድምፁን ከጥፋት ያዳነው የእህታቸው ልጅ ነው» የሚል መስመር። ያን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልናገርም። በየአገሩ ያሉ እንደኛ ዓይነት ሰዎች በኢንተርኔት ተቀባበሉት፤ «ይህን ሳክስፎን የሚያሳድደው ነገር አለ» ብሎ አንዱ ጻፈ፤ ሌላው «ጥድፊያው ከዘመኑ የቀደመ ነው» አለ። ፋርማሲስቷ ሰምታ ስታበቃ «እንዲህ ተቻኩሎ እንዲህ አለመሳሳት!» አለች። እኛማ ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር በዚያ ፍጥነት ስንሰማ ከርመን ጆሯችን ለምዶታል።

ሳምንት ሳይሞላ የአጎቴ ልጅ ደወለች።

«አባዬ ሳክስፎኑን ሣጥኑ ውስጥ ከተተው» አለችኝ።

«ምነው?»

«አዲሱን ሸክላ ከፍቶ አብሮ ሊጫወት ሞከረ። አልገጥም አለው። ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ፣ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ዋለ። የገዛ ዜማዬን መግጠም አቃተኝ፣ ጆሮዬ ሞቷል ነው የሚለው። አባዬ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።»

በማግስቱ የአሮጌውን ሸክላ ልጣፍ አየሁ። አንደኛው ገጽ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይላል። ለአዲሱ እትም የላክኩትን ቅጂ ከኮምፒውተሬ አጫውቼ በሱቄ ውስጥ ካሉት ሰዓቶች ሁሉ በማምነው ለካሁት። አሥራ ሰባት ደቂቃ ከሠላሳ ስድስት። እንደገና ለካሁት። አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ የለም። በዚያ ፍጥነት የሳክስፎኑ ድምፅ ግማሽ እርከን ሽቅብ ይወጣል፤ በዓለም ላይ ያለ ጆሮ ሁሉ ቢሰበሰብ አይገጥመውም። የአጎቴ ጆሮ እንከን አልነበረበትም፤ እንከኑ የእኔ ፕላስተር ነበር። ላጥኩና ጣልኩት፤ አዲስ ላስቲክም ገዛሁ።

በቀጣዩ አርብ መምህሩ አንዱን ገጽ ሰምቶ ሲጨርስ ጭንቅላቱን እያከከ «ዛሬ እኮ ሸክላው ሁሉ ደክሞታል» አለ። ላስቲክ መቀየሬን ሳልነግረው ሻይ ቀዳሁለት።

ለአጎቴም አልነገርኳቸውም። ሰዓት ሠሪ ሆኖ ፍጥነት የሳተ መባልን ፈራሁ። ያቺን በትናንሽ ፊደል የተጻፈች መስመር ማጣት አሳሳኝ። ደግሞስ፣ ለሺህ ሰው የደረሰ ሸክላ ከየቤቱ ይሰበሰባል? ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ሲመሽ ወገቤ ቁርጥ ብሎ እተኛለሁ። ድካም ጥሩ ምክንያት ነው፤ ማንም አይከራከርህም። እንዲህ ስል ሦስት ወር አለፈ።

ባለፈው ሰኞ የአጎቴ ልጅ ሱቄ ድረስ መጣች።

«ሳክስፎኑን ለትምህርት ቤት ልስጠው ብሏል» አለች። «ያ ጓደኛህ መምህሩ ነገ መጥቶ ይውሰደው፣ ንገርልኝ ብሎ ነው የላከኝ።»

«እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያሉሽ?»

«ራሱ ነው። ቤት ውስጥ እያየሁት ልቤ ከሚደማ የሚችል ይጫወትበት አለ።»

የፈታሁትን ሰዓት እንደተበተነ ትቼ ሱቁን በእኩለ ቀን ዘጋሁ። ማጫወቻውን በአንድ ብብቴ፣ አሮጌውን ሸክላ በሌላው ይዤ ተከተልኳት። ደረጃው ላይ ቆም አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲያስል እንዳትደነግጥ» አለችኝ። «ሳንባው ነው ብለውናል። ወር ሆነው።»

አጎቴ መስኮቱ ሥር፣ ጀርባቸውን በሁለት ትራስ አስደግፈው ተቀምጠዋል። የተሸከምኩትን አይተው «ምነው፣ ቤት ለቀቅክ እንዴ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጆሮዎ አልሞተም» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ።

«አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?»

«ሸክላው ነው የፈጠነው። ያፈጠንኩት እኔ ነኝ።»

ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ፑሊው፣ ስለ ፕላስተሩ ነገርኳቸው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ይኸው ነው ሰዓት ሠሪያችን!» አሉ ልጃቸውን እያዩ። ሳቃቸውን ሳል ቆረጠው። ሳሉ ሲበርድ «መቼ ነው ያወቅከው?» ብለው ጠየቁኝ።

ትናንት ማለት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶም ነበር።

«ልጅዎ በደወለችልኝ ማግስት» አልኩ።

«ሦስት ወር» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «አምጪልኝ እስቲ» አሏት።

ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። እሳቸው ሳክስፎኑን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት፣ የአፉን ሸምበቆ በምላሳቸው አረጠቡት። እኔ አሮጌውን ሸክላ አስቀምጬ መርፌውን አሳረፍኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ዋናው ዜማ ሲመጣ ገቡ።

ገጠመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ኖታ፤ የሸክላው የትኛው፣ የእሳቸው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች። አምስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረና ሳሉ መጣ። ውኃ ጠጥተው እንደገና ሞከሩ፤ ሁለት ኖታ ብቻ ሄዱ። ሳክስፎኑን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ሸክላው ላይ ያለው ወጣት መጫወቱን ቀጥሏል።

«ሰማህ? ገጠመ» አሉኝ።

«ሰማሁ፣ ጋሼ።»

«ጆሮዬ ደህና ነው።» በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቁጣ ያለበት ድምፅ ቢሆን በቀለለኝ ነበር፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚያወሩ ሆነው ነው ቀጥለው የተናገሩት። «ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ግን ትንፋሽም ነበረኝ።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ፊታቸውን ወደ ሸክላው መልሰው ነበር። ገጹ ሊያልቅ አሥራ አራት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ሦስታችንም እስኪያልቅ ሰማነው።