ማንም ያልተቃወመው ቅጠል

ብርቅዬ ማስተማር የጀመረችው ወድዳ አይደለም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከአዲስ አበባ ስብሰባ ሲመለስ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ አዛውንቶች ስለ ጤናቸው ኢንተርኔት ላይ የሚያነቡትን እውነቱን ከውሸቱ መለየት ይማሩ አለ። ሐሳቡ የእሱ፣ ድካሙ የእሷ ሆነ። ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ማራገቢያው በተበላሸ ክፍል ውስጥ፣ መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ሁለቱም የተገኙ ቀን ደግሞ ጡረተኛው አቶ ተክለወልድ ማውሱን እንደጨበጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ዕድሜዋን ሙሉ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ስታወርድና ስትሰቅል የኖረች ሴት ናት፤ ወገቧ አልቋል፤ ማታ ማታ እግሯን ሞቅ ባለ ውኃ ካልነከረች አትተኛም።

የምታስተምራቸው ሦስት ጥያቄ ነው። ይህን ያለው ማን ነው? መቼ ነው ያለው? እኔ ባምነው እሱ ምን ያገኛል? አዛውንቶቹ እንደ ተማሪ ልጆች በአንድ ድምፅ ይመልሱላታል። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሎሚ ካንሰር አጠፋ የሚል አዲስ ተአምር በስልካቸው ይዘው ይመጣሉ። እሷም ከ"ማን ነው ያለው" እንደገና ትጀምራለች።

ከሁሉ ትጉው አቶ ኦይታ ነበሩ። ደጋው ጨንቻ ተወልደው፣ ቆላው ጫኖ ወርደው ሙዝ ሲተክሉ ያረጁ፣ በአገራቸው ሽማግሌ ከሚባሉት አንዱ ናቸው። አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ብርቅዬ ትጋታቸውን ትወድላቸዋለች፤ ለምን እንደሚተጉ ግን አልጠየቀቻቸውም። ደክሟት ነበራ።

አንድ ሐሙስ ሌሎቹ ሲወጡ ኦይታ ቀሩና ስልካቸውን ዘረጉላት። ፌስቡክ ላይ ያለ ገጽ ነው። ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው የሀለኮ ቅጠል ተፈልቶ ጠዋትና ማታ ቢጠጣ ስኳር በሽታን ከነሥሩ ይነቅላል፣ የሚገድለው በሽታው ሳይሆን መርፌው ነው ይላል። ከሥሩ "አሜን"፣ "ተባረኩ"፣ "ለእኔም ሠርቶልኛል" የሚል አስተያየት ተደርድሯል፤ ወደ ታች ቢጎትቱት አያልቅም። ኦይታ ደስ ብሏቸው ነገሯት። ባለቤታቸው ሸዋነሽ ስኳር አለባቸው፤ ከፋሲካ ወዲህ መርፌውን ትተው ሀለኮ ነው የሚጠጡት። አሁን የቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሸዋነሽ እግር ጣት ላይ አንዲት ትንሽ ቁስል ወጥታ አልደርቅ ብላለች። ለቁስሉም ቅጠል ካለ ፈልጊልኝ አሏት።

ብርቅዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ጋሼ ኦይታ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። በእግዚአብሔር፣ ዛሬውኑ።"

ኦይታ አልተቆጡም። እንዲያውም እሷን እንደ ልጅ ቁጭ አድርገው አስረዷት። የጋሞ ሽማግሌዎች ነገር በሚያዩበት ሜዳ፣ በዱቡሻ፣ ጉዳዩ ሕዝብ ፊት ይቀርባል። የሚቃወም ካለ ይነሣል፣ ስሙን ከነአባቱ ይናገራል፣ የፈለገውን ይላል። እሱ እስኪጨርስ የሚያቋርጠው የለም፣ ከሜዳው የሚያስወጣውም የለም። ማንም ካልተነሣ ግን ነገሩ እውነት ነው፤ አለቀ። እሳቸው ደግሞ ይህን ገጽ ሌሊት ሌሊት ሲያነቡ ከርመዋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተሰብስቦ አንድ የተነሣ ሰው አላገኙም።

"ይህ ሁሉ ሰው ይዋሻል ልጄ?" አሏት።

ሀለኮማ በሁላችንም ጓሮ አለ አለቻቸው፤ ከበቆሎው ኩርኩፋ ጋር ቀቅለን ስንበላው ነው ያደግነው፤ ስኳር የሚነቅል ቢሆን አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ ስኳር ያለበት ሰው ይገኝ ነበር? የምታውቃት ነርስ ጋ ደወለችላቸው፤ ነርሷም አሁኑኑ ይዘዋቸው ይምጡ አለች። ኦይታ ግን በማግስቱ ሙዝ የሚጭን መኪና ይመጣል፤ ሰኞ ይሻላል ብለው ተነሡ። ብርቅዬ እስከ ባጃጁ ድረስ እየለመነች ሸኘቻቸው።

ማክሰኞ ወንበራቸው ባዶ ነበር። ሐሙስም እንዲሁ። ስልካቸው አይነሣም። ብርቅዬ ሦስቱን ጥያቄዎች ስታስተምር ቃሉ ከአፏ እየወደቀ፣ ዓይኗ በሩ ላይ ዋለ።

ከወር በኋላ መጡ። ጢማቸው አድጓል፣ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። የሸዋነሽ እግር ከጉልበት በታች ተቆርጧል አሏት፤ ነፍሳቸው ግን ተርፋለች፣ መርፌውንም ጀምረዋል። ይህን ሲናገሩ እንባ የላቸውም፤ ያለቀሰችው ብርቅዬ ናት። የተናደደችው በእሳቸው አልነበረም። ያን ሁሉ ማክሰኞና ሐሙስ ፊቷ ተቀምጠው፣ ጋሼ ቤትዎ ማን ታሞ ነው ብላ አንድ ቀን አለመጠየቋ አቃጠላት።

"የላከችኝ እሷ ናት" አሉ ኦይታ። "ሌላም ሰው ያነበዋል፤ እኔ ልነሣ አልችልም፣ አንተ ሄደህ ተነሥልኝ አለችኝ።"

ብርቅዬ ገጹን በእሳቸው ስም ከፈተችላቸው። ኦይታ አልተቀመጡም። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ፣ መናገር ጀመሩ፤ እሷ ጻፈች። እኔ ኦይታ ኦርካ፣ የጫኖ ሰው ነኝ። ይህን አምኜ የሚስቴን መርፌ አስጣልኩ። እግሯ ተቆረጠ። ሀለኮ ምግብ ነው፤ መርፌውን የሚተካ ነገር አይደለም። መርፌያችሁን አትተዉ። ላከችው። ኦይታ ሕዝቡ ምን እንደሚል ለመስማት እዚያው እንደቆሙ ጠበቁ።

ብርቅዬ ገጹን መልሳ ስትከፍተው ጽሑፉ የለም። ከላይም ከታችም የነበሩት አሜኖች በቦታቸው አሉ። ልትዋሻቸው ፈለገች፤ ኔትወርኩ ነው ልትል አፏ ላይ ደረሰ።

"አጥፍተውታል" አለች።

"ማን?"

"ባለቤቱ። ቅጠሉን በዱቄት አሽጎ ይሸጣል፤ ስልኩ ይኸው ከላይ አለ።"

የሚቃወመውን እያስወጡ ከሆነማ ዱቡሻ አይደለም አሉ ኦይታ፣ ለራሳቸው። ከዚያም "አልጨረስኩም፤ ጻፊ" አሏት። ጻፈች። ጠፋ። እንደገና ጻፈች። በዚህኛው ጊዜ በኦይታ ስም ጭራሽ መጻፍ ተከለከለ፤ ዘግተውባቸዋል።

ሰዓቱ ደርሷል፤ ዘበኛው ቁልፉን እያንሿሿ በሩ ላይ ቆሟል። አቶ ተክለወልድ ነቅተው ቦርሳቸውን ይፈልጋሉ። የብርቅዬ ወገብ እሳት ሆኗል፤ ቤቷ፣ ሞቅ ያለ ውኃና አልጋ ነው ያማራት። ነገ ቢሆንስ ብላ ቀና አለች። ኦይታ ኮታቸውን እንደቆለፉ ቆመዋል፤ የተነሣ ሰው ሳይጨርስ አይቀመጥማ።

የኦይታን ስም ዘግታ በራሷ ገባች። በዚህ ስም ለልደት እንኳን አደረሳችሁ ከማለት በቀር ለሰው አንድ ቃል ጽፋ አታውቅም። እኔ ብርቅዬ ጋሻዬ፣ የአርባ ምንጭ ሰው፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ ብላ ጀመረች። የአቶ ኦይታን ቃል አንድም ሳታስቀር ደገመችው፤ ነርሷ ያለችውንም ጨመረችበት፤ ላከችው። ከዚያ ዘበኛውን ትንሽ ይታገሡኝ አለችና፣ ሲያጠፉት መልሳ ለመጻፍ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።