ከኋላ የተሳሉ ሰዎች

ደብተሩን ከረኡፍ እጅ የመነተፈው ሰውዬ ጨዋታውን አቋርጦ ነው የመጣው። በግራ እጁ ገና ያላወረደውን የዶሚኖ ጠጠር ጨብጧል።

"ምንድን ነው የምትጽፈው? ከቅድም ጀምሮ ቀና እያልክ ታየናለህ፣ ጎንበስ እያልክ ትጽፋለህ።"

ረኡፍ አልደነገጠም፤ መደንገጥ እንደነበረበት ግን ያውቃል። በእስክንድርያው የኢብራሂሚያ ሰፈር ካፌዎች ብቻውን ተቀምጦ ሰው እያየ የሚጽፍ ሰው ሰላይ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ አይስተውም። ረኡፍ ረስቶት ነው እንጂ። ሰሞኑን ብዙ ነገር ይረሳል።

ሰውዬው ደብተሩን ገለጠ። ባለካፌው ዙህዲ የሻይ ትሪውን እንደያዘ መጥቶ በሰውዬው ትከሻ ላይ አሻግሮ አንገቱን አሰገገ። ገጾቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነው፦ ትራም የምትጠብቅ ሴት፣ ከኋላ። ዓሣ የሚመዝን ነጋዴ፣ ከኋላ። ባሕሩን የሚያዩ ባልና ሚስት፣ ከኋላ። መጨረሻ ላይ ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ራሳቸው፣ ጎባጣ ትከሻቸውና ተጣጥፎ የተደራረበ ማጅራታቸው።

"ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰላይ ነው?" አለ ዙህዲ። "ማጅራት መዝግቦ ማንን ሊያስይዝ ነው?"

ካፌው ሳቀ። ባለዶሚኖው አልሳቀም። የራሱን ማጅራት ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ "እንዲህ ወፍሯል እንዴ?" ብሎ ደብተሩን መለሰለት።

ረኡፍ ነገሩን በአጭሩ አስረዳቸው። እሱን ጨምሮ በስልክ ቡድን የተሰባሰቡ ሥዕል ወዳጆች ናቸው። ሰው መሳል የሚፈራ እጃቸው እንዲደፍር ብለው ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ሰው ይስላሉ። የሚሳለው ፎቶ ሳይሆን በሕይወት ያለ፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። በእርሳስ አይሆንም፣ በብዕር ነው። የተሳሳተውን መሰረዝ ክልክል ነው። ጸሐይ ሳትጠልቅ ለሁሉም ይላካል፤ ያልላከ ከቡድኑ ይወጣል።

ያላስረዳቸው ነገርም ነበር። ረኡፍ የሚሠራው ፎቶ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ተደፍቶ የሰው ብጉር ሲጠርግ፣ የዓይን ሥር ጥቁረት ሲያደበዝዝ፣ የተወላገደ ክራቫት ሲያቃና ይውላል። ፊት ለእሱ የሚታረም ነገር ነው። ማረም ሲከለከል እጁ ፊት ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ወደ ሰዎች ጀርባ ዞረ፤ ማጅራት አይኮሳተርም፣ "እኔን አይመስልም" አይልም። የቡድኑ መሪ መምህርት ኢንጂ ትናንት እንዲህ ብለው ጻፉለት፦ "ረኡፍ ልጄ፣ ከመላው እስክንድርያ ጋር ተጣልተሃል እንዴ? ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶሃል።" ለዛሬው፣ ለመጨረሻው ቀን፣ ለሁሉም የታዘዘው ደግሞ አንድ ነው፤ ከቤታችሁ ሰው አንዱን፣ ፊት ለፊት።

ረኡፍ ቤት ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። አባቱ። ዓርብ ዕረፍት ሆኖ ሥራ ባይኖርም ከቤት ወጥቶ እዚህ የተቀመጠው ያን ፊት ሸሽቶ ነው።

ዙህዲ ሳይታዘዝ ሻይ አስቀመጠለት፤ ከዚያም ትክ ብሎ አየው።

"አንተ የሸሐታ ልጅ አይደለህም? የትራም ነጂው?"

"ነኝ።"

ሳቁ ቀዝቀዝ አለ። ዙህዲ፣ ሸሐታ ከታመመ ወዲህ ወደ ካፌው እግሩን እንዳላነሳ፣ ሊጠይቁት ሄደው በሩን እንዳልከፈተላቸው ነገረው። ቅሬታ ያለው አይመስልም ነበር። "በሽታው አፉን ወደ ጎን ጎተተው ይላሉ" አለ። "በየት በኩል ነው?"

ረኡፍ በግራ ሊል አፉን ከፈተ። ቀጥሎ በቀኝ ሊል ፈለገ። አባቱ ከታመሙበት ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ሁለቱ ብቻ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ። ምግብ ሲያቀርብ የሚያየው ሳህኑን ነው፤ መድኃኒት ሲሰጥ መዳፋቸውን።

"አላውቅም" አለ።

ዙህዲ ንጹሑን ጠረጴዛ መልሶ ወለወለው። ረኡፍ እፍረት እስኪመጣ ጠበቀ፤ አልመጣም። የሻዩን ሂሳብ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት ዙህዲ በመወልወያው ያዘው። "የሸሐታ ልጅ እዚህ አይከፍልም።"

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ገዝቶ ሰፈር ሲደርስ ቅርጫቱ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ በገመድ እየወረደ ነበር። እንደሌላው ጎረቤት ሁሉ እነሱም ዕቃ የሚያወጡት በቅርጫት ነው፤ አባቱ ግን ከታመሙ ወዲህ ላለመታየት ተጠቀሙበት። ዳቦ ሻጩም ሱቀኛውም የሚያውቁት ገመዱን ብቻ ሆኗል። ረኡፍ ራሱ እንኳ፣ ደረጃውን እየወጣም ቢሆን፣ ዳቦውን ቅርጫቱ ውስጥ ያስቀምጣል። ዛሬም አስቀመጠው። ከዚያ ቀና ብሎ ገመዱን የሚስበውን እጅ አየ። ቀኝ እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ በግራ ነው፣ ብሎ አሰበ፤ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው።

አባቱ በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ረኡፍ ከኋላቸው ዱካ ስቦ ተቀመጠ፤ ደብተሩን ገለጠ፤ እጁም እንደለመደው ከማጅራታቸው ጀመረ።

"እየሳልከኝ ነው?" አሉ ሳይዞሩ። ቃላቸው በአንድ በኩል ያፈተልካል።

"አዎ፣ አባባ።"

"ከኋላ?"

"ከኋላ።"

ከታች ትራም አለፈ። እስኪርቅ አዳመጡት። ከዚያ አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተማውን በጀርባቸው ተሸክመው ሲነዱ እንደኖሩ፣ ሰው ሁሉ ማጅራታቸውን እንጂ ፊታቸውን እንዳልለየ፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው "ሸሐታ፣ ዛሬ ጸጉርህን ተቆርጠሃል" ብለው፣ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን ሰላም ሳይሏቸው እንደሚያልፉ አወሩ። ከበሽታው ወዲህ ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም።

"ማጅራቴ እንደሆነ አልታመመም" አሉ በመጨረሻ።

ረኡፍ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። ገጹ ላይ ያለው ግማሽ ማጅራት ሳይሰረዝ ቀረ። ዱካውን አንስቶ አባቱን ዞሮ አለፈ። በረንዳው ጠባብ ስለሆነ ሲቀመጥ ጉልበታቸው ገጠመ። አባቱ ደህናውን ጉንጫቸውን ሰጥተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ረኡፍ አዲስ ገጽ ገለጠ።

"ፎቶ ቤት እንደምታደርገው ታቃናዋለህ?"

"አላቃናም። በብዕር ነው።"

ቀስ ብለው ዞሩ። በግራ ነው፤ ሒሳቡ ልክ ነበር። በዚያ በኩል ያለው ዓይን ሳያቋርጥ እንደሚያነባ ግን ሒሳቡ አልነገረውም። ጺማቸው በዚያ በኩል በደንብ አልተላጨም፤ እጃቸው አይደርስም ማለት ነው። ረኡፍ አየ። የሚሰማው ነገር ገና አልነበረም፤ ያይ ነበር ብቻ።

መምህርት ኢንጂ ሁልጊዜ ከዓይን ጀምሩ ይላሉ። ረኡፍ ብዕሩን ዝቅ አደረገና ከተጎተተው አፋቸው ጀመረ።