የኃይል ስርጭት

ልብስ ሰፊዋ ፊደል የቆጠረችው ልጇን ከወለደች በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። አንድ ቃል ለማንበብ ከንፈሯ ሦስት ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ልጇ "እማዬ፣ አንቺ እኮ ቃሉን ታኝኪዋለሽ" እያለች ትስቅባታለች። ልጅቷን የሰፈሩ ሰው "ሽቦ" ይላታል፤ የተበላሸ ራዲዮ ካየች ሳትፈታው አታልፍም።

ትምህርት ቤቱ በከባድ መሣሪያ ከነደደ ወዲህ የሽቦ ተስፋ አንድ ደብተር ነበር። የፊዚክስ መምህሯ ከመሞቱ በፊት በእያንዳንዱ ሙከራዋ ሥር ፈርሞላታል። ከተማ ያለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ማስረጃቸው የተቃጠለባቸውን ሴት ልጆች እንዲህ ባለ ደብተር ሊቀበል ቃል ገብቷል፤ የሚወስዳቸው መኪናም ሐሙስ ይመጣል።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሽቦ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ወዲያው ወታደሮች ቤት ለቤት መፈተሽ ጀመሩ። እናት የሚያስጠረጥር ነገር እንዳይገኝ ዕቃውን ስታተራምስ ደብተሩ እጇ ገባ። መስመር፣ ቀስት፣ ክብ፣ ቁጥር። ርዕሱን አኝካ አኝካ አነበበችው፦ "የኃይል ስርጭት"።

ለእሷ ኃይል ማለት ጦር ነው። ራዲዮው ጠዋት ማታ ወሬው "የጠላት ኃይል"፣ "የወገን ኃይል" ነው። ጦርነት ክፉ ነው፤ ቃል ሳይቀር ይዘርፋል። ቀያሹ ጎረቤታቸው ባለፈው ወር ካርታ ተገኘብህ ተብሎ ተወስዶ ቀርቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ደብተሩን እየቀደደች ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ወታደሮቹ መጡ፤ አልጋውን ገለበጡ፤ አንዱ የተበጠሰ ቁልፉን አሰፍቶ "እናመሰግናለን፣ እናቴ" ብሎ ወጣ። መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ደብተሮች ገልጦ ያየ የለም።

"ኃይል እኮ መብራት ነው፣ እማዬ" አለች ሽቦ ተመልሳ የሆነውን ስትሰማ፣ ጀሪካኑን ሳታወርድ። "መብራቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ነው የሣልኩት።"

"እንደገና ጻፊው፣ እኔ ልሙትልሽ።"

"እጽፈዋለሁ። ማን ይፈርምልኛል?"

እናት ልጇ ብትጮህባት፣ ብትሰድባት ምንኛ በወደደች! ልጅቷ ግን ጥቀርሻውን ከእናቷ እጅ ጠረገችላት።

ሐሙስ የመጣው መዝጋቢ "አዝናለሁ፣ ያለ ፊርማ አልችልም" አለ። አሥራ አንድ ልጆች ተሳፈሩ። መኪናው ሲነሳ አንዲት ጓደኛዋ በመስኮት ብቅ ብላ "ሽቦ! ፈተና ላይ ቢመጣስ? ፊውዙ የት ነው የሚገባው?" ብላ ጮኸች።

ሽቦ ከመኪናው ጎን እየሮጠች "ከምንጩ ቀጥሎ! ከማብሪያ ማጥፊያው በፊት!" አለቻት፤ አቧራው እስኪሸፍናት ድረስ ደጋግማ ነገረቻት። እናቷ ከኋላ ቆማ ሰማች። ከነገሩ አንድም አልገባትም፤ ልጇ መልሱን እንደምታውቅ ግን ገባት።