አልታጠቡም የተባሉት ሦስት ጠርሙሶች

ዶክተሯ ዩኒቨርሲቲውን ተሰናብታ ዱቄት ፋብሪካ ስትቀጠር ዘመድ አዝማድ ሁሉ አዘነላት። «ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው ዱቄት ልትነፋ ነው እንዴ?» አሉ አክስቷ። እሷ ግን ደስ ብሏት ነበር። ደመወዙ ደህና ነው፣ ላብራቶሪው ሰፊ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ለማንም አልተናገረችውም እንጂ፣ ጋሽ ጠርሙስ እዚያ ድረስ ተከትለው አይመጡም ብላ ነበር።

ጋሽ ጠርሙስ የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ዕቃ አጣቢ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። እያንዳንዱን ጠርሙስ ሦስቴ አጥበው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ካላዩ አያስረክቡም። ዶክተሯ ለመመረቂያ ጥናቷ በስልሳ ጠርሙስ ስንዴ አስቀምጣ፣ በደንብ የደረቀ ስንዴ ስድስት ወር ቢቆይም የሻጋታ መርዝ እንደማያወጣ ልታረጋግጥ ነበር። ሃምሳ ሰባቱ እንዳለችው ሆኑላት። ሦስቱ መርዝ አወጡ።

«እንደ አዲስ ልጀምር ካልሽ ሌላ ዓመት ነው» አሉ አማካሪዋ። «ምክንያት ጻፊና አውጫቸው።»

ምክንያት መቼ ጠፍቶ! ጠርሙሶቹ በሚገባ ስላልታጠቡ ተበክለዋል ብላ አንድ መስመር ጻፈች። ያቺ መስመር እሷን ዶክተር አደረገቻት፤ ጋሽ ጠርሙስን ከሥራ አስወጣቻቸው። ሰውየው ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው ሲወጡ ኮሪደር ላይ ተገናኙ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አጥቤያቸዋለሁ» አሏት። «አንቺም አይተሻል።»

አይታለች። «እንግዲህ ጋሼ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም» ብላቸው አለፈች። ምላሷ አለመተሳሰሩ!

ፋብሪካው የቀጠራት ያን ጥናት አይቶ ነው። የጥናቷ የማቆያ ጊዜ ሠንጠረዥ ተባዝቶ በየመጋዘኑ ተለጠፈ፤ ስንዴውም በእሷ ቃል ስድስት ወር ሳይመረመር ይቀመጥ ጀመር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና እሷ ግን ሰላም አጣች። ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ከጀርባዋ ቧንቧ የተከፈተ ይመስላታል። ዞር ስትል ገንዳው ደረቅ ነው። ጠርሙስ ባነሳች ቁጥር ሌላ ሰው በትከሻዋ በኩል አንገቱን አስግጎ አብሯት ወደ ብርሃኑ የሚያይ ይመስላታል። ያኔ የታጠበውን ጠርሙስ መልሳ ታጥባለች።

አንድ ረፋድ፣ ለትምህርት ቤቶች ዳቦ ሊፈጭ ከተዘጋጀው ስንዴ ማንም ሳያዛት ናሙና ወሰደች። ስንዴው አምስተኛ ወሩን ይዟል። ጠርሙሶቹን ራሷ አጠበች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መሣሪያው ያወጣውን ቁጥር አየች። መርዝ ነው። ደገመችው፤ ያው ነው። ስንት ዓመት «ምናልባት በደንብ አላጠቡት ይሆናል» እያለች ራሷን የደለለችበት ነገር እዚያው አበቃ።

ውጤቱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ተጫዋች ሰው ነው፤ አንብቦ ሳቀ።

«ዶክተር፣ ይቀመጥ ያለው ያንቺው ሠንጠረዥ እኮ ነው! ራስሽን ልትከሺ ነው?»

«ሠንጠረዡ ስህተት ነው። ስንዴው መፈጨት የለበትም።»

ሳቁን ትቶ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ስሚኝ እህቴ። ዕቃ አጣቢዋ ልጅ አዲስ ናት አይደል? በደንብ አላጠበችው ይሆናል። እንደዚያ ብለሽ ጻፊና ስንዴው ይፈጭ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን እናየዋለን።»

እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ለአፍታ እሺ ልትል ቃጥቷት ነበር። ስትጽፍም ታይቷታል፤ አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

እዚያው ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ስባ ሁሉንም ጻፈች፤ የስንዴውን፣ የጥናቷን፣ የጋሽ ጠርሙስን። ፈረመችበት። ዶክተርነቱም ሥራውም ሊሄዱ እንደሚችሉ ታውቃለች። ስንዴው ግን፣ ሥራ አስኪያጁ የተፈረመውን ወረቀት ሊያልፍ ስላልደፈረ፣ በዚያው ቀን ሳይፈጭ ቆመ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያለች ራሷን እያጽናናች፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ደውላ የጋሽ ጠርሙስን ስልክ አገኘች። ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው። ማን እንደሆነች ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ጠርሙሶቹ ንጹሕ እንደነበሩ፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ለጋሽ ጠርሙስ ለራሳቸው መናገር እንደምትፈልግ ገለጸች።



«ዓምና አረፈ» አሉ ሴትየዋ።

ዶክተሯ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከዚያ ሥራ ከወጣ ወዲህ እጁን አያምንም ነበር» አሉ ሴትየዋ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «የጠጣበትን ብርጭቆ አጥቦ አጥቦ፣ ‘እስቲ እዪልኝ፣ ጠርቷል?’ ይለኛል። ጠርቷል ስለው አያምነኝም። አንቺ ብትነግሪው ግን ያምን ነበር።»