የዶና ኤርሜሊንዳ ቅርጫት

የቤቱ ባለቤት ወኪል ስካፋቲ ሆስፒታል ተኝቶ «ከደረጃው የገፈተረኝ ላሚን ነው፤ ያ ሴኔጋላዊ። ከኋላዬ ስለነበር ፊቱን አላየሁም፤ ግን ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?» አለኝ። የላሚን ጎረቤት ዶና ኤርሜሊንዳ ደግሞ «ማንም አልነካውም። ደረጃው እርጥብ ነበር፤ ራሱ ወደቀ» አሉ።

ሕንፃው ለቱሪስት ማረፊያ ስለተፈለገ ስካፋቲ ሁለቱንም ለማስወጣት ሲመላለስ ከርሟል። ዶና ኤርሜሊንዳ ግን አሻፈረኝ ብለዋል። ልጃቸው ካቴሎ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ከናፖሊ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ «ሲመለስ የሚያውቀው ይህን በር ነው» ይላሉ። ካቴሎ አብሮ አደጌ ነው። መርማሪ ከሆንኩ በኋላም በእናቱ በረንዳ ሥር ሳልፍ ቀና ማለት አልተውኩም።

ላሚን ታሰረ። ደረጃውን ደግሜ ላየው ስሄድ ዶና ኤርሜሊንዳ፣ እንደ ሰፈሩ ሴቶች ሁሉ፣ ቅርጫታቸውን በገመድ ከላይ እያወረዱ ነበር። ባለሱቁ ዶን ሳቬሪዮ ዳቦ ከተተበት፤ ቀጥሎ የጢም ምላጭ።

«ዶና ኤርሜሊንዳ፣ ጢም አበቀሉ እንዴ?» አላቸው ወደ ላይ አንጋጦ።

«ያንተን ምላስ ልላጭበት ነው፣ ወሬኛ።»

መንገደኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አፌ ላይ ቀረ። ሴትየዋ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው።

ደረጃውን ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱልኝ፤ ቅርጫቱ ገና ክንዳቸው ላይ ነበር።

«መቼ መጣ?» አልኳቸው።

ከኋላቸው ያለውን መጋረጃ አየት አድርገው «እሑድ ማታ» አሉ። «በማግስቱ ስካፋቲ መጥቶ እንዳይሆን አድርጎ ሰደበኝ። ፊቱን አዙሮ ሊወርድ ሲል ልጄ ከውስጥ ወጥቶ ገፋው።»

«ላሚን አይቷል?»

«አይቷል። ትንፍሽ አላለም። እማማ ነው የሚለኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። ያንን ሳል ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ገብቼ ባቅፈው ወደድኩ፤ እግሬ ግን ከደጃፉ አላለፈም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቄው» አሉ፣ «ገና ዓይኔ እንኳ አልጠገበውም።»

«ላሚንም እናት አለችው፣ ዶና ኤርሜሊንዳ።»

ዳቦውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ምላጩን ግን ከእጃቸው ሳይለቁ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ካቴሎ፣ ተላጭና ልብስህን ልበስ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ጣቢያ የምወስድህ እኔው ራሴ ነኝ።»